የሐሊማ ሆድና ሦስቱ ፊደሎች

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬም ሆዷን። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ አንዱን ጫማ አድርጋ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለች። «እማ፣ ቆረጠኝ።» ጤና አዳም በሻይ አፈላሁላት። ፊቷን አጨማድዳ ጠጣችው፤ አልተሻላትም። ቅዳሜና እሁድ የማያመው፣ ሰኞ ጠዋት የሚነሳ ሆድ ምን ዓይነት ሆድ እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን ልጅቷ አትዋሽም። ላብ ላብ ብሏት ነበር።

እየጎተትኩ ትምህርት ቤት አደረስኳት። መምህር ኦብሳ በሩ ላይ ጠበቀኝ። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ ነው፤ የወለጋ ልጅ፣ ትሁት፤ ክፉ ነገር ሊናገር ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዛሬ በጣም ዝቅ አደረገው።

«እትዬ ዘሀራ፣ ሐሊማ አታነብም።»

«ምኑን ነው የማታነበው?» አልኩት።

«ምንም።»

ሳቄ መጣ። ሐሊማ? ማታ ማታ መጽሐፉን ይዛ ስትወርደው እየሰማሁ አይደል እንዴ ልብስ የምሰፋው? እሱ ግን ነገሩን አስረዳኝ። እስካሁን ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ነበር የሚያነበው፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው ደግሞ የሐሊማ ድምፅ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ በአንድ ሰሌዳ ፊት ማቆም ጀመረ። ሐሊማ ቆመች፤ ደወል እስኪደወል ዝም ብላ ቆመች። በማግስቱም እንደዚያው። እልህ መሰለው። ምክንያቱም ስለ ዕፅዋት፣ ስለ እንስሳት በቃል ሲጠይቅ የሚቀድማት የለም። ከዚያ ለብቻዋ ጠርቶ ቃል ቢያሳያት አንዱንም አላወቀችው።

በዚህ ሁኔታ አራተኛ አትገባም አለኝ። ምናልባት ወደ ሁለተኛ ብትመለስ ይሻላል አለ። ሁለተኛ ክፍል ታናሿ ሰሚራ አለች። ሁለቱን እዚያ አንድ ወንበር ላይ አሰብኳቸው።

ቤት ገብቼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ደርሷል፤ ትንንሽ ሰማያዊ ገዋኖች ከነቆባቸው እሰፋለሁ። አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ፈታሁት። መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት።

ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁ። ሰሚራ ታነብላታለች፤ ሐሊማ ትሰማለች፤ ከዚያ መጽሐፉን ትቀበልና ሰሚራ ያለችውን አንድም ሳታዛንፍ ትለዋለች። ዓይኗ ግን ገጹ ላይ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ከገበያ የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳው ላይ በስፒል ሰቀልኩት። ልብስ የምለካበትን ማስመሪያ ይዤ ከሀ ጀመርኩ። ሐሊማ እጇን ወደኋላ አድርጋ፣ ራሷን እየነቀነቀች በዜማ እስከ ፐ ወረደችው። አንድም አልሳተች። ወይ ኦብሳ፣ ልጁ አብዷል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ማስመሪያውን መሃል ላይ አሳረፍኩት። «ይሄስ?»

ዝም።

ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከሀ ተነስታ በሹክሹክታ እየዘመረች፣ መስመር በመስመር በዓይኗ እየወረደች ነው። ማስመሪያው ያለበት ስትደርስ «ነ!» አለች። ልክ ነው። ቀጥሎ ያለውን አሳየኋት። እንደገና ከሀ ተነሳች። አሶሳ ገበያ መሃል ቆሞ አጠገቡ ያለው ሱቅ ለመግባት እንደገና ሩቅ ካለችው ከመንጌ የሚነሳ ሰው አስቡት። ልጄ ይህን ያህል ዘመን በዚህ መንገድ ስትመላለስ ኖራለች፤ እኛ ደግሞ ጎበዝ ስንላት።

ማቀፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ጮህኩ። «ፊት ለፊትሽ አይደል እንዴ! እይው!» ሰሚራ ከወዲያ ማዶ «ኘ ነው!» አለች፤ ለማገዝ ብላ። ሐሊማ ወጥታ ሮጠች። ከማንጎው ሥር አገኘኋት፤ ጉንዳን ታያለች፤ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ የቤተሰብ ሸንጎ ተቀመጥን። ባለቤቴ እድሪስ አይሱዙውን አቁሞ ገባ። ሐቦባም አሉ። ሐቦባ የእድሪስ እናት ናቸው፤ ልጆቹ አያታቸውን እንደዚያ ስለሚጠሯቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ለጉልበታቸው ሕክምና ከመንጌ መጥተው እኛ ዘንድ ናቸው። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሐሊማም «እሱ» ናት፣ ዶሮዋም «እሱ» ናት።

ምክንያቱን ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። ፊደል በዛባት! ጠዋት የአባቷ ቋንቋ በርታኛ በላቲን ፊደል፤ ከዕረፍት በኋላ አማርኛ በሀሁ፤ ከአስር ሰላት በኋላ ኸልዋ፣ ማለትም ቁርአን ቤት፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈው የዓረቡ ፊደል። ሦስት! በዚህ ተስማማን። አንዱ ይቀነስ በሚለውም ተስማማን። የትኛው በሚለው ላይ ግን ጦርነት ሆነ።

እድሪስ የአባቷ ቋንቋ አይነካም አለ፤ አማርኛው ለጊዜው ይቆይ። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሀሁን ያስቆጠረኝ በሰፈራው ዛፍ ሥር ነው፤ ያለ አማርኛ በዚህ ክልል ምን ሥራ ይገኛል አልኩ። አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ሲጀምር ዓይኗ ቢዞር ምን ይገርማል አልኩ፤ ኸልዋው ይቁም። ሐቦባ ዘንጋቸውን መሬት መቱ።

«ይሄ ልጅ ጭንቅላት አለው፣ ወላሂ! ቁርአን ጥርት አድርጎ ይቀራል። የእኛን ያውቃል። የእናንተን ነው የማያውቀው። ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ መንጌ እወስደዋለሁ። እዚያ ትልቅ ሼኽ አለ። ይህ ሁሉ ፊደል ለምን?»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ሦስታችንም የየራሳችንን ፊደል አንስተን ስንሰጥ፣ ስንከለክል፣ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

በመጨረሻ እኔ ረታሁ። ኸልዋው እስከ ፈተና ይቆማል። ሐቦባ ራት አልበሉም። ሰኞ ጠዋት መንጌ እመለሳለሁ፣ ልጁንም እወስዳለሁ አሉ። እድሪስ እናቱን እምቢ ማለት አይችልበትም። «እስኪ እናያለን» አለ። የሱ «እስኪ እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሺ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ዓይኗን ልናስመረምር ሄድን። በባጃጁ ውስጥ ሐሊማ የመነጽር ቀለም መርጣ ጨርሳለች። ሐምራዊ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ ስታይ እጄን ጨበጠችኝ። ፊደል መሰላት። መርማሪው ግን፣ ማንበብ አያስፈልግም፣ የዚህ ምልክት እግሮች ወደየት እንደተዘረጉ በጣትሽ አሳዪኝ አላት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። እስከ ታችኛው፣ እኔ እንኳ እስከማላየው ድረስ ወረደች። ጆሮዋንም አዩላት። ጆሮዋማ! የጎረቤት ሐሜት ሳይቀር የሚሰማ ጆሮ።

«ዓይኗ ንጹሕ ነው» አለኝ ሰውየው ፈገግ ብሎ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የልጅሽ ዓይን ጤነኛ ነው ሲሏት የምታለቅስ እናት በአሶሳ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መነጽር ነበር የፈለግሁት። የሚገዛ፣ አፍንጫ ላይ የሚቀመጥ፣ ጉዳዩን የሚጨርስ ነገር። ሰውየው ደንግጦ ውሃ አቀበለኝ። ነገሩን ስነግረው፣ በሌላ ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት የምታስተምር ብርቱካን የምትባል መምህርት አለች፣ ሂጂና አናግሪያት አለኝ።

ስንመለስ ሐሊማ «መነጽር የለም ማለት ነው?» አለች።

«የለም።»

«ታዲያ ምንድን ነኝ?»

 ማንጎ ገዛሁላት። መልስ ሲጠፋኝ የምገዛው ነገር ነው፤ በግንቦት ወር እግዜር ይስጠው፣ ሞልቷል።

ከአስር ሰላት በኋላ ከአጥሩ ማዶ የኸልዋው ልጆች ድምፅ መጣ። ሐሊማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና አብራ ቁርአን ትቀራ ነበር። ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ። እኔ መኪናዬን በኃይል ረገጥኩት፤ እንዳልሰማ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

መብራት የለም። ደግነቱ መኪናዬ የእግር ነው። ዝናቡም ጀምሯል፤ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ሰው አያናግርም።

ጠዋት ሆዷን። ጤና አዳም። እየጎተቱ መሄድ።

የቀሩኝ ነገሮች፦ የገዋኖቹ አንገት፣ ቆቦቹ በሙሉ፣ የጎረቤት ቀሚስ ዚፕ፣ እንቅልፍ።

ሐቦባ ትናንት ማታ አንድ ስኒ ነገር ይዘው መጡ። ከእንጨቱ የቁርአን ሰሌዳ፣ ከሉሁ ላይ የታጠበ ቀለም ነው፤ ልጁ ይጠጣ አሉ። የአላህ ቃል ነው፣ ክፉ የለውም፤ የወሎዋ አያቴም ሲያመን ታጠጣን ነበር። ሐሊማ ቢስሚላህ ብላ ጨለጠችው። ዛሬ ጠዋት ተነስታ በቀጥታ ገበታው ፊት ሄደች። ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷን ሳየው ምን እንደጠበቀችና ምን እንዳጣች ገባኝ። ምንም ሳትል ዩኒፎርሟን ልትፈልግ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ገዋን እያስለካኋት (ቁመቷ ይበልጣል፣ ግን ዘመም ካለች ይሆናል) ድንገት እንዲህ አለች፦

«እማ፣ ከሐቦባ ጋር መንጌ ልሂድ።»

«ኸልዋው ናፍቆሽ ነው?»

«እሱም። ግን እዚያ መጽሐፍ የለም።»

አፌ ውስጥ የያዝኳቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ ጫፉ ላይ ሰካኋቸው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጽሐፍ የሌለበት አገር እየፈለገች ነው። እኔ ደግሞ ልጆቼ ከኔ በተሻለ ተምረው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደመወዝ ሲበሉ ለማየት ነው ይህን ፔዳል የምረግጠው።

እድሪስ ከባምባሲ ደወለ። ነገርኩት። «ምናልባት ይሻላት ይሆናል» አለ። ዘጋሁበት። መልሼ ደወልኩና ሰደብኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ደክሞኛል። የሚደክመው ሥራው አይደለም። ልጅን በየጠዋቱ ወደሚያማት ቦታ መጎተት ነው የሚያደክመው።

አርብ፣ ግንቦት 8

ከጁምዓ በኋላ መምህርት ብርቱካን ዘንድ ሄድን። ሐቦባም በዚያ ጉልበታቸው ካልመጣሁ አሉ። ባጃጁ ውስጥ ሁለታችን አንነጋገርም፤ ሐሊማ መሃላችን።

ብርቱካን ወጣት ናት፤ ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ምንጣፍ ላይ የምትቀመጥ። እኔን አላናገረችም፤ ሐሊማን ነው ያናገረችው። ተረት አውሪኝ አለቻት። ሐሊማ የመንጌዋን ጦጣ አወራቻት፦ ማንጎ ሰርቃ፣ የሼኹን ጥምጥም ሰርቃ፣ ጥምጥሙን አድርጋ ልጆቹን ቁርአን ልታስቀራ የተቀመጠችውን። ብርቱካን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሐቦባም ሳቁ፤ የሳምንቱ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው።

ከዚያ በካርቶን ላይ አንድ ቃል ጻፈች። ሐሊማ ስትደጋግመው የነበረውን ራሱን። ጦጣ። ሐሊማ አየችው። ሳቋ ሄደ። «ማንጎ?» አለች። ብርቱካን ልክ አይደለም አላለችም፤ ካርቶኑን አስቀመጠችና ሌላ አወጣች። ከዚያ የበርታኛውን በላቲን። ያው። ዜማ ይዞ መሄድ በማይቻልበት ሁሉ፣ ያው። ቀስ እያለች፣ እያጫወተች፣ ረጅም ጊዜ ቆየች። ቃልን ወደ ድምፆቹ መከፋፈል፣ ድምፆችን መልሶ መግጠም፤ እዚያ ላይ ልጄ ትወድቃለች። አየሁት። እልህ አይደለም። ትሞክራለች፤ ላቧ ይወርዳል።

ሐቦባ ዘንጋቸውን አነሱ። «የእኛ ቀረ። የእኛን ያውቃል።»

«እማማ፣ እኔ የዓረቡን ፊደል አላውቅም» አለች ብርቱካን በአክብሮት። «የሚያውቅ ሰው እንዲሁ አድርጎ ቢጠይቃት ለእኔም ይጠቅመኛል። ቅደም ተከተሉን አፍርሶ፣ አንድ አንድ ፊደል። በቃሏ የያዘችውን ሳይሆን።»

ሐቦባ በደስታ እሺ አሉ። ነገ የሰፈራችን ኸልዋ ሼኽ ዘንድ እንሄዳለን። እሳቸው እንደሚረቱ ጥርጥር የላቸውም። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሐሊማ እዚያ እንድትወድቅ እየተመኘሁ ነው። ብታውቀው ሰኞ ትሄድብኛለች። በገዛ ልጅ ላይ እንዲህ መመኘት አለ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሼኹ ከኸልዋው ማንጎ ሥር ነበሩ፤ ልጆቹ ገና አልመጡም። ሐሊማን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «የት ጠፋህ? ድምፅህ ጠፋ፣ ኸልዋው ቀዘቀዘ!» እሳቸውም እንደ ሐቦባ ናቸው፤ ሁሉም «አንተ» ነው።

መጀመሪያ ቁርአን አስቀሯት። ቀራች። እኔ ስለ ድምፅዋ ምንም አልጽፍም፤ ሐቦባ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዙ ነበር፤ ፊታቸው ላይ «አላልኩም?» የሚል ነገር አለ።

ከዚያ ነገሩን ነገርናቸው። ሼኹ ግራ ገባቸው፤ ቢሆንም ሉሁን አንስተው በቀለም አንድ ፊደል ጻፉ። ብቻውን። ሐሊማ አየችው። ሌላ ጻፉ። ከዚያ አሁን ከቀራችው ውስጥ አንድ አጭር ቃል። ሐሊማ ሉሁን አየች፣ ሼኹን አየች፣ ሐቦባን አየች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከመጀመሪያው ተነስታ ልትፈልገው። ሼኹ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ። «ተወው፣ ልጄ። በቃ።»

ማንጎ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

«እኔ የሚያነብ መስሎኝ ነበር» አሉ ሼኹ። «በጆሮ ነው የያዘው። ሁሉን በጆሮ።» ሉሁን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «እና ከኸልዋ ለምን አስቀራችሁት?»

 ምን ብዬ ልመልስ? ፊደላችሁ የኔን ፊደል አበላሸብኝ ብዬ?

ረትቻለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ሐቦባን ሳያቸው ግን ደስታው ጠፋ። ዘንጋቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ፤ በአንድ ጊዜ አረጁብኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ፣ «እና ወዴት ልውሰደው?» አሉ።

ለብርቱካን ደወልኩ። ስልኬን ስትጠብቅ የነበረች ትመስላለች።

ሦስት ፊደል ስለሆነባት አይደለም አለችኝ። አንድ ብቻ ቢሆንም ያው ነበር፤ ቋጠሮው ፊደሉ ላይ ሳይሆን ፊደልና ድምፅ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ዲስሌክሲያ ይባላል፤ እሷ በእርግጠኝነት ነው ለማለት ሥልጣኑ የላትም፣ ይህን የሚመረምሩት ባለሙያዎች አዲስ አበባ ናቸው፤ ግን እስከዚያ ድረስ ነው ብለን እንሥራ አለች። ስንፍና አይደለም። ድድብና አይደለም። እንደ ጉንፋን የሚለቅም አይደለም። በዝግታ፣ በሌላ መንገድ፣ ትማራለች። ጥቂት ፊደል በአንድ ጊዜ፤ በአሸዋ ላይ በጣት እየጻፈች፣ ድምፁን እያወጣች። ሰው ፊት አታስነብቧት። ከእህቷ ጋር አታወዳድሯት። ፈተናውን አስተማሪው አንብቦላት በቃሏ ትመልስ። እና የምትወደውን ነገር አትከልክሏት፤ ጎበዝ ነኝ የምትልበት አንድ ቦታ ያስፈልጋታል።

የመጨረሻውን ስትል ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ያንን አንድ ቦታ ማክሰኞ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አስር ሰላት ሳይደርስ ሐሊማን «ሂጂ፣ ኸልዋሽ ሂጂ» አልኳት። ጫማዋን ሳታደርግ ሮጠች።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ገዋኖቹ አለቁ። ቆቦቹ አላለቁም፤ ለቆብ ያለኝ ፍቅር አልቋል።

መምህር ኦብሳ ጋ ደወልኩ። ቸርች ነበር፤ ቆይቶ መልሶ ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት።  «እኔ እኮ እልህ መስሎኝ ነው ያቆምኳት» አለ፤ ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ። ፈተናውን በቃል ስለመስጠት ርዕሰ መምህሩን መጠየቅ አለብኝ፣ ምን እንደሚሉ አላውቅም አለ። ወደ ሁለተኛ ስለመመለሷም አሁን ምንም ማለት አልችልም አለ። «ሰሌዳ ፊት ግን አላቆማትም። ይሄ በእኔ እጅ ነው።»

ሐሊማን ወደ ጓዳ ወሰድኳት። ሰፌድ ላይ ዱቄት ነፍቼ ጨርሼ ነበር፤ በቀረው ዱቄት ላይ አንድ ፊደል ጻፍን፣ ሁለታችንም በየጣታችን። ከዚያ ነገርኳት። ስም እንዳለው፤ እሷ ብቻ እንዳልሆነች፤ ሰነፍ እንዳልሆነች።

«ይድናል?» አለች።

«አይድንም። ግን ታነቢያለሽ። ቀስ እያልሽ።»

«ከሰሚራ በኋላ?»

«ከሰሚራ በኋላ።»

አሰበች። ዱቄቱን በመዳፏ ደመሰሰችው። «ቢሆንም መንጌ እሄዳለሁ» አለች። ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ጨርሳለች፤ ሐምራዊዋን ሻርፕ ከላይ አድርጋ። እድሪስን አየሁት። እሱ ደጁን አየ። እናቱን ልጅቷን ተዪልኝ ማለት አይችልም፤ ልጄን ስጡኝ ማለት እኔም አቃተኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅባት ከርመን፣ አሁን እኔ ጋ ሁኚ ብላት ደግሞ ያው ጭቅጭቅ ነው።

የተናገሩት ሐቦባ ናቸው። ሐሊማን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ስማ። እኔ ፊደል አላውቅም። አንድም። ልጅ ሆኜ ፈለግሁ። የሚያስተምር ሰው አልተገኘም። ላንተ ተገኘ። እዚያ መንጌ ያቺ አስተማሪ የለም። እኔ ብወስድህ ካንተ ላይ እወስዳለሁ። ተቀመጥ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ና።»

ሐሊማ አለቀሰች። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅዋን አውጥታ። ሐቦባ አላባበሏትም፤ በኩታቸው ጠቅልለው ዝም ብለው ያዟት። እኔ ወጥቼ ዝናብ ውስጥ ቆምኩ። እኚህ ሴት ማክሰኞ ያልበሉት ራት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ሐቦባ በጠዋት ሄዱ። ሐሊማ እስከ ባጃጁ ዘንጋቸውን ይዛ ሸኘቻቸው። ፌስታሉ ሳይፈታ ማዕዘን ላይ ተቀምጧል። እኔ አልነካሁትም፤ እሷም አልነካችው። ለክረምቱ ያስቀመጠችው ይሁን ዛሬም ልትሄድ አስባ አልጠየቅሁም።

ጤና አዳሙን ቀድሜ አፍልቼ አስቀመጥኩ። ሰኞ ነው መቼም። ዩኒፎርሟን ለበሰች። አንዱን ጫማ አደረገች። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ስኒውን ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ። ሌላውን ጫማ በእጇ ይዛ ቆየች፤ ቆየች። እግዜር ያውቃል ምን ያህል እንደሆነ፤ ለእኔ ሙሉ ገዋን የሚሰፋበት ጊዜ ነው።

«ዛሬ አያቆመኝም?» አለች ሳትዞር።

«አያቆምሽም።»

«ከዋሸስ?»

«ከዋሸ እኔ ሄጄ ከሱ ጋር ሰሌዳ ፊት እቆማለሁ።»

ትንሽ ሳቀች መሰለኝ፤ ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። ጫማውን አደረገች። ሰሚራን ጠራቻትና ተያይዘው ወጡ። አልጎተትኳትም። ከማዶው ታጠፉና ጠፉ።

ከሰዓት ምን ይዛ እንደምትመለስ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩ ምን እንደሚል አላውቅም። ነገ ማክሰኞ ነው፤ የነገውን ሆድ ማን ያውቃል።

ስኒው እጄ ላይ ቀርቷል። ቁጭ ብዬ ጠጣሁት። ይመራል። ዛሬ የቆረጠው የኔን ሆድ ነበር።